ኮከቧን በመዶሻ የመታሁባት የካርቦን ፎርክ

እዚህ ሳዑዲ ከዳማም እስከ ኾበር ሳይክል የሚጠግን ሐበሻ ስንት አለ ብትሉኝ ብዙ አለ እላችኋለሁ። የሚያውቅስ ስንት አለ ካላችሁኝ ግን ስለ ራሴ ማውራት ስለማልወድ ሰው ጠይቁ። ሰው ካጣችሁ እኔኑ ጠይቁኝ።

ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ የተጻፈው ሙያ አናጢ ነው። ጣውላ ልጌ ግን አላውቅም። ካፊሌ፣ በስሙ የመጣሁበት ሳዑዲ አሠሪዬ፣ ኾበር ላይ የሳይክል ሱቅ ሲከፍት «ሳይክል ትችላለህ?» አለኝ። «ተወልጄበታለሁ» አልኩት። ወላሂ ያን ቀን ጎማ መንፋት እንኳ በቅጡ አልችልም ነበር። ትምህርት ቤቴ ዐዚዚያ ያሉት ኮምፓውንዶች ቆሻሻ መጣያ ነው። የሀብታም ልጆች የሰለቻቸውን ሳይክል ይጥላሉ፣ እኔ አንስቼ እፈታለሁ፣ ከዚያ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ መልሼ እገጥማለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ገጥሜ ስጨርስ ሦስት አራት ብሎን ይተርፈኝ ነበር። አሁን ቢበዛ አንድ ነው። እሱንም ፋብሪካው አብዝቶ ነው እላለሁ።

ደንበኞቼ አትክልተኞች፣ ዘበኞች፣ ዕቃ አመላላሾች ናቸው። ሳይክላቸው ብረት ነው፣ ከባድ ነው፣ መዶሻ አይፈራም። እኔም እጄን ያፍታታሁት በእነሱ ላይ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ወደ አመሻሹ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ የአገሬ ልጅ ቀጭን የእሽቅድምድም ሳይክል እየገፋ መጣ። ዳህራን በኩል ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ነርስ ነው፣ በኮንትራት ከነሚስቱ የመጣ። ከዚያ በፊት ሁለቴ ጎማ ቀይሬለታለሁ።

«ዶክተር፣ እንኳን ደህና መጣህ!» አልኩት።

«ስንቴ ልንገርህ፣ ነርስ ነኝ።»

«እዚህ አገር ነጭ የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።»

«እንደሱ ከሆነማ ሳዑዲው በሙሉ ዶክተር ነው» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። «ሙሃንዲስ፣ ጣቶቼ እየደነዘዙ ነው። ይቺና ይቺ።» አመልካች ጣቱንና የመሀል ጣቱን አሳየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውዬው በየጁምዓው በጠዋት ከኾበር ኮርኒሽ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ተነስቶ በዳማም አድርጎ ሰይሃት ደርሶ ይመለሳል፤ ጣቶቹን የሚያደነዝዘው የመንገዱ ንዝረት ነው። ሥራው ደግሞ ሕፃናት ክፍል ነው፤ መርፌ የሚገባበትን ደም ሥር የሚፈልገው እሱ ነው። የሕፃን ደም ሥር በዓይን አይታይም፣ በጣት ተዳብሶ ነው የሚገኘው አለኝ።

«ቅዳሜ አንዲት የስድስት ወር ልጅ ነበረች። ክንዷን ዳበስኩ፣ ዳበስኩ፣ ጣቴ ምንም አልነገረኝም። ለሌላ ሰው ሰጠኋት። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።» ቀጠለና፣ «ባለቤቴ ሳይክሉን ሽጠው አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን የሳምንቱን ሁሉ ነገር የምጥለው እዚያ ላይ ነው። የመጨረሻ አንድ ነገር ልሞክር ብዬ ነው የመጣሁት። ካርቦን ፎርክ ይሻላል ይላሉ» አለ።

ፎርክ ማለት የፊት ጎማውን በሁለት እግሩ መሀል የሚይዘው፣ አንገቱ ወደ ላይ ወጥቶ መሪውን የሚሸከመው ዕቃ ነው። የእሱ አሉሚኒየም ነበር። አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ ግን ወሬ አመላላሽ ነው፤ አስፋልቱ ያለውን አንዲት ሳያስቀር ለእጅ ያደርሳል። ካርቦን ግን ግማሹን ዋጥ አድርጎ ያስቀራል።

«አብሽር፣ አይዞህ!» አልኩት። «ጣትህን የመመለስ ኃላፊነት የእኔ ነው።»

ካርቦን ፎርክ በእጄ ነክቼ እንደማላውቅ አልነገርኩትም። አልጠየቀኝም'ኮ።

በመኪናው ዳማም ሄድን። ሻጩ ፊሊፒኖ ነው፣ ረጋ ያለ ሰው። ሁለት ፎርክ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደማቸው። አንደኛው እግሩ ካርቦን፣ አንገቱ አሉሚኒየም ነው። ሁለተኛው ከእግር እስከ አንገቱ ካርቦን ነው። ይሄንን ሁለተኛውን ሳነሳው እጄ ባዶውን የወጣ መሰለኝ፤ እንዲያ ቀላል ነበር። ሻጩ ለነርስ ደንበኛዬ በእንግሊዝኛ ብዙ ነገረው።

«ምን ይላል?»

«ለእጅህ ሁለቱም ያው ናቸው፣ ልዩነቱ አንገቱ ላይ ነው ይላል። ባለ አሉሚኒየሙን ማንም መካኒክ ይገጥመዋል፣ ያኛው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል እያለ ነው።»

«እኔን አይቶ ነው ጥንቃቄ ያለው?»

«ለሁሉም ሰው ነው የሚለው መሰለኝ።»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም በለው። ደግሞስ ለአንተ እጅ ግማሽ ካርቦን ምን ያደርጋል? አንተ ሕፃን ስትወጋ ግማሽ መርፌ ነው እንዴ የምትወጋው?»

ነርሱ ወደ ባለ አሉሚኒየሙ ሲያይ አይቼዋለሁ። ለእኔ ብሎ ተወው። ሙሉ ካርቦኑን ይዘን ተመለስን።

ሐሙስ ዕለት ቀትር ላይ ብቻዬን ሠራሁት። አንገቱን ሁለቴ ለክቼ፣ ቴፕ ጠምጥሜ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ በቀጭን መጋዝ ቆረጥኩት። አቆራረጡን ብታዩት ዳቦ ቤት ትቀጥሩኝ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ አንድ መመሪያ ወረቀትና በፕላስቲክ የታሸገች ወፍራም ቡሽ የምትመስል ነገር ነበረች። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው፣ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት። ቡሿንም ትርፍ ዕቃ ናት ብዬ ተከታይ አደረግኋት።

ከዚያ የለመድኩትን አደረግሁ። ብረት ሳይክል ላይ የፎርኩ አንገት ውስጥ ኮከብ የምትመስል ትንሽ ብረት በመዶሻ ትገባለች። የላይኛው ክዳን ብሎን እሷን ይዞ ነው መሪውን የሚያጠብቀው። ስንት መቶ ኮከብ እንዳስገባሁ አላውቅም። ቢስሚላህ ብዬ አንዴ መታኋት። ሁለተኛውን ስመታ አንዲት ፍሬ ቆሎ ጥርስ ሥር ስትሰበር የምታሰማውን ያህል ድምፅ ሰማሁ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከኮከቧ አንደኛው ጫፍ ጀምሮ ወደ ታች ፀጉር የምታህል መስመር ወርዳለች። ያቺ ቡሽ ለምን እንደመጣች የገባኝ ያኔ ነው። ካርቦን አንገት መዶሻ አይወድም፤ ውስጡ ገብታ በቁልፍ ስትጠብቅ ቀስ እያለች የምታብጥ ነገር ነው የሚፈልገው፣ እሷም ያቺው ቡሽ ናት።

ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ክዳኑን ገጠምኩበት። አዎ። ክዳኑ ሲገባ መስመሯ አትታይም። መሪውን አሰርኩ፣ ጎማውን ገጠምኩ፣ ሳይክሉን በጨርቅ ወልውዬ በር ላይ አቆምኩት። ያምራል። ያልታየ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ዐስር ሶላት ላይ ግን ሁለተኛው ረከዓ ይሁን ሦስተኛው ጠፋኝ። አጠገቤ ያለውን ሰውዬ እያየሁ ነው የጨረስኩት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት ነርሱ መጣ። ሳይክሉን ሲያየው ፊቱ ልጅ ሆነ። ወጣበት፣ ሱቁ ፊት ለፊት ያለችውን መኪና ማቆሚያ አንዴ ዞራት። «ሙሃንዲስ፣ ቅቤ ነው'ኮ! እጄ ላይ ምንም የለም!» ነገ በጠዋት ሰይሃት ድረስ እሄዳለሁ አለ። እግሩን መሬት አስነክቶ ሳይክሉ ላይ እንደተቀመጠ በቪዲዮ ሚስቱ ጋ ደወለ። ሳይክሉን አሳያት፣ ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዞረው።

«ወንድሜ፣ እንዴት ዋልክ?» አለች። ትሕትናዋ ይገርማል። «እኔ'ኮ እሱ ሲወጣ እስኪመለስ በር በሩን ነው የማየው። አንተ እንደሠራህለት ሲነግረኝ ደግሞ ትንሽ ልቤ ያርፋል። ወንድሜ፣ አደራህን።»

ብትሰድበኝ መልስ ነበረኝ። ለስድብ መልስ አጥቼ አላውቅም። አደራ ስትለኝ ግን ምን ልበላት? ስልኩ ተዘጋ።

«ውረድ» አልኩት።

«ምን?»

«ከሳይክሉ ውረድ።»

ወረደ። ክዳኑን ፈታሁና «አንገቱ ተሰንጥቋል። እኔ ነኝ የሰነጠቅሁት» አልኩት።

ከደረት ኪሱ የሕመምተኛ ዓይን የሚያይባትን ብዕር የምታክል ባትሪ አወጣና ወደ ውስጥ አበራ። ረጅም ጊዜ አየ። እኔን የሚመረምረኝ ነበር የመሰለኝ።

«መቼ ነው የተሰነጠቀው?»

«ከዐስር በፊት።»

«ከዚያ ወዲህ ምን ስትሠራ ነበር?»

«ስደብቀው።»

«ነገ ዳማም መንገድ ላይ፣ በዚያ ፍጥነት፣ ይሄ ቢለቅ…» አልጨረሰውም። ድምፁም አልጮኸም። ቢጮህ በወደድኩ። ሄዶ የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። እኔም ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። መግሪብ አዛን አለ፣ የሱቁን በር ዝቅ አድርጌ ሰግጄ ስመለስ እዚያው ነው። እጁ ላይ ግን ከቅርጫቱ ያወጣው መመሪያ ወረቀት አለ።

«ና እስቲ። ይሄ ምንድነው?»

መዶሻ ነው የተሳለው። ላዩ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ።

«እንግሊዝኛ አልችልም'ኮ» አልኩ።

«ሥዕል ነው'ኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ሥዕሉንም በእንግሊዝኛ ነው የሳሉት።»

አፍንጫው ሲንቀሳቀስ አየሁት። ሊስቅ አልፈለገም፣ ሳቁ አሸነፈው። ከዚያ ተመልሶ ኮስተር አለ። «እኛ ጋ አንድ ሰው ከተሳሳተ እጁን ሳይታጠብ መጀመሪያ ይናገራል። ሕፃኑ የሚተርፈው በዚያች ሰዓት ነው። አንተ ስንት ሰዓት ዘገየህ?»

«ብዙ።»

«ግን ተናገርክ» አለ።

በነጋታው ሰይሃት አልሄደም። ከጁምዓ በኋላ ተያይዘን ዳማም ተመለስን። ሌላውን ፎርክ የምገዛው እኔ ነኝ፣ ክርክር የለም፣ ኸላስ አልኩት። መንገዱን ሁሉ እኔ መኪናውን ነዳሁ፣ እሱ ደግሞ የመመሪያውን ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ እየተረጎመ አነበበልኝ። አርባ ዓመት አልፎኝ እንደ ተማሪ ሰማሁ። ሱቁ ስንደርስ ያው ፊሊፒኖ ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ አጋደማቸው። እኔ ዝም አልኩ። ማሰቡ ይከብዳችኋል፣ ግን ዝም አልኩ። ነርሱ ራሱ ሁለቱንም በየተራ አነሳ፣ ባለ አሉሚኒየም አንገቱን መረጠ። ከበድ ይላል። «ይሄን የመሸከም አቅም አለኝ» አለ።

ሱቅ ተመልሰን እሱ አጠገቤ ቆሞ ገጠምኩት። የአሉሚኒየም አንገት ስለሆነ ኮከቧ በመዶሻ ነው የምትገባው። መዶሻውን ሳነሳ «ወረቀቱ ምን ይላል?» አልኩት። አነበበ። «ምታ» አለኝ። መታሁ። ከዚያ ሳይክሉ ላይ ወጥቶ እንዲቀመጥ አደረግሁና ከጎን አየሁት፤ ክብደቱን ሁሉ በመዳፉ ተደግፎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ መሪውንም ከፍ አደረግኩለት። ይህንን ማንም አልነገረኝም፣ ከራሴ ነው ያወጣሁት።

ከዚያ ሁለት ጁምዓ ሰይሃት ደርሶ ተመለሰ። በሁለተኛው ላቡ ሳይደርቅ በቀጥታ ሱቅ መጣ።

«እጅህን አምጣ» አለኝ።

የዘይት እጄን ጠርጌ ክንዴን ዘረጋሁለት። ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት ጣቱን ክርኔ መታጠፊያ ላይ አሳርፎ ቀስ እያለ ወደ ጎን አንቀሳቀሳቸው፣ ቆመ፣ ጫን አደረገ፣ ለቀቅ አደረገ። ሱቅ ውስጥ አንድ ፓኪስታናዊ ጎማውን ይጠብቅ ነበር፣ ግራ ገብቶት እኛን ያያል።

«ይኸው» አለ ነርሱ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ይቺ ናት። ወፍራም ናት፣ ለወፍራም ሰው የሚገባ ደም ሥር ነው።»

«የመሀል ጣትህስ?»

ጣቱን እንደገና ጫን አደረገ። «እሱ ትንሽ ይዘገያል። ግን ይደርሳል።»

«ና፣ ሳይክሉ ላይ ውጣ» አልኩትና ቁልፌን አነሳሁ። «መሪውን ሌላ አንድ ጣት ከፍ እናድርገው።»