ኤዱቪና እና እግሩ የበሰበሰው ቤት

ኤዱቪና ካርካሞ ቤት ሳትገዛ ቤት ታድስ ነበር። ሌላው ሰው ገዝቶ፣ ከስሮ፣ አልቅሶ ያድሳል፤ እሷ ግን ገና ዋጋ ሳትጠይቅ በአዛውንቱ በዶን አቤሊኖ ባዶ ቤት ውስጥ እየተንሳፈፈች ግድግዳ ታፈርሳለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ ምድጃውን ከወዲያ ወዲህ ታዞራለች። መዶሻ አልያዘችም። ለእንዲህ ዓይነቱ እድሳት መዶሻ ምን ይሠራል?

ቤቱ ዝናብ በማያባራባት የቺሊ ደሴት፣ በቺሎኤ ዳርቻ ካሉት ቤቶች ሁሉ ሽማግሌው ነበር። ከራሱ እስከ እግሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ የአሌርሴ ዛፍ እንጨት ለብሷል። እንጨቱን ዝናብና ጨው አጥበው አጥበው የብር መልክ ስላስያዙት ጉም ሲወርድ ቤቱ የቱ ጋ እንደሚያልቅ፣ ጉሙ የቱ ጋ እንደሚጀምር አይታወቅም። ኤዱቪና በሩን ገፍታ ስትገባ ደመና ውስጥ የገባች ይመስላታል። የቆመው ባሕሩ ዳር በረጃጅም የእንጨት እግሮች ላይ ስለሆነ ባሕሩ ሲሞላ ከወለሉ ሥር ይደርስና ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ቤቱም አብሮት የሚተነፍስ ይመስላል።

«አልጋዬ እዚህ ይሆናል» ትላለች፣ ሰሚ በሌለበት። «ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የውኃው ነጸብራቅ ጣሪያዬ ላይ ይጨፍራል።»

አይፈረድባትም። ጉልምስናዋን በሙሉ በሩቅ ከተማ፣ በፑንታ አሬናስ ሀብታሞች ቤት ወጥ ስታማስል ነው የፈጀችው፤ በሰው ምድጃ፣ በሰው ድስት፣ በሰው መስኮት ፊት። ወደ ደሴቷ ስትመለስ እህቷ ክሎሪንዳ የጓዳውን ክፍል ሰጠቻት። እዚያም ከድንች ጆንያ ጋር ተዳብላለች፤ ግድግዳውን የያዘው ድንቹ ነው፣ በር በሩን የያዘችው እሷ።

አንድ ቀን የእህቷ ባል ሴጉንዶ አብሯት ቤቱን ሊያይ ወረደ። ሴጉንዶ አስተዋይ የሚሉት ዓይነት ሰው ነው፤ ማለትም በዕድሜው አንድ ሕልም አይቶ አያውቅም። ከወለሉ ሥር ጎንበስ አለና ካራውን በአንዱ ቋሚ ላይ ሰካው። ካራው እስከ እጀታው ገባ።

«አየሽ? ይሄ እንጨት አይደለም፣ ቅቅል ነው።»

«እግሩን እቀይርለታለሁ።»

«ቀይሪለት። ባሕሩንስ በምን ልትቀይሪው ነው? በየክረምቱ ወደ ቤቱ እየተጠጋ ነው። ስሚኝ እህቴ፣ ይሄንን አፍርሺና የመንግሥት ቤቶች ጽሕፈት ቤት የሚያድለው ወረቀት ላይ ያለውን ሥሪ። ቆርቆሮ ጣራ፣ የተጨመቀ ሰሌዳ ግድግዳ፤ በሳምንት ያልቃል።»

«በሳምንት ያልቃል፣ በክረምት ይሟሟል።»

ወረቀቱን እሷም አይታዋለች። አንድ ባልና ሚስት ደረቅ ሣር ላይ ቆመው ጥርሳቸውን ያሳያሉ። ደረቅ ሣር፣ በቺሎኤ! እንዲህ ያለ ወረቀት የሚጽፍ ሰው ካልሲው ርሶ አያውቅም፤ ቢርስም ሌላ ካልሲ የሚያቀብለው አለው።

አንድ መንገድ ግን ቀርቷል። ከባሕሩ በላይ፣ ተረተሩ ላይ፣ የእናቷ መሬት ባዶውን ተኝቷል። ቤቱን እንዳለ ግንድ ላይ አስቀምጦ፣ በሬ ጠምዶ፣ አገር ተሰብስቦ ሽቅብ መጎተት ነው። አባቶቻቸው እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል። ኤዱቪና ይህን እያሰበች ወደ ዶን አቤሊኖ ሄደች።

ሽማግሌው ዋናው ምድር ላይ ወዳለችው ልጃቸው ሊሄዱ ዕቃ ሲያስሩ አገኘቻቸው።

«ሌላ ገዢ አለኝ» አሏት። «የሳንቲያጎ ሰው ነው፣ ምግብ ቤት አለው። ቅርፊቱን ገፎ ግድግዳው ላይ ሊለጥፈው ነው። ሰዎቹ እሱን እያዩ ሲበሉ ይጣፍጣቸዋል አሉ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«እሱ የሚፈልገው ቆዳውን ነው፣ አንቺ ከነነፍሱ ነው። ላንቺ ብሰጠው ደስ ይለኛል። ግን እዚያው ቆሞ ባሕር እንዲበላው አልሸጥልሽም። የድንቹ ቁፋሮ ሳያልቅ ተረተሩ ላይ ካወጣሽው ያንቺ ነው። ካላወጣሽው ለቆዳ ገፋፊው ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ በሐሳቧ የምታድሰው ቤት ተረተሩ ላይ ወጣ። ድንች እየላጠች ትቆይና ቢላዋው እጇ ላይ ይቆማል፤ ቤቱ ጉሙን ሰንጥቆ እንደ መርከብ ከፍ ከፍ ሲል ታየዋለች። በሬም ገመድም በሕልሟ የሉም። ስሕተቱም ከዚያ ጀመረ።

የጠንካሮቹ በሬዎች ጌታ ሮሳሜል ዌንቹር ነበር፤ እሱ ከመጣ መንደሩ ይከተለዋል። ኤዱቪና ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ይዛ ደጁ ደረሰች። ቀንበር እየጠገነ ነበር።

«ዶን ሮሳሜል፣ በሬዎችዎን ለአንድ ቀን ልከራይ ነው የመጣሁት። ለሚመጡትም ሰዎች ጥሩ የቀን ደመወዝ እከፍላለሁ።»

ሮሳሜል ወደ በሬዎቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ደመወዝተኛ ሆናችኋል፤ ነገ ጡረታ ትጠይቁኛላችሁ።» ከዚያ ወደ እሷ ተመለሰ። «ዶኛ ኤዱቪና፣ የእኔ በሬዎች ሣር እንጂ ብር አይበሉም።»

«ላስቀይምዎ ብዬ አይደለም…»

«ማን ተቀየመ? እርስዎ በኖሩበት አገር እንዲህ ይሆናል የሚደረገው። እዚያ አልቃሽም በደመወዝ ይቀጠራል አሉ።»

እሷ ቤት ሳትደርስ ወሬው ደረሰ። በማግስቱ በዳርቻው ጤነኛ በሬ ጠፋ። የአንዱ አነከሰ፣ የሌላው ጉንፋን ያዘው፣ የሦስተኛው ሐዘን ላይ ነበር።

«ደቦን በገንዘብ!» አለች ክሎሪንዳ። «ሰው እጁን ያበድርሻል እንጂ ይሸጥልሻል? አንቺስ እጅሽን ለማን አበድረሽ ታውቂያለሽ?»

ለማንም አላበደረችም። ወደ ባሕሩ ቤት ወርዳ መሐል ወለሉ ላይ ቆመች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ማደስ አቃታት። የዛገ ሚስማር፣ የሻገተ ማዕዘን፣ የሚያፈስ ጣራ ብቻ ታያት። ቤቱ ቤት ሆኖ አረፈው።

በማግስቱ የሮሳሜል ድንች የሚቆፈርበት ቀን ነበር። ኤዱቪና የእህቷን መቆፈሪያ ተሸክማ፣ ማንም ሳይጠራት ሄዳ ከመደዳው ጫፍ ገባች። ሰላምታ የሰጣት የለም። ዝናቡ ወረደ፣ ጭቃው ጫማዋን ነጠቃት። ከጎኗ ያለችው ሴትዮ ቀና ሳትል፣ «ዝቅ ብለሽ ቆፍሪ፣ ድንቹን እየገደልሽው ነው» አለቻት። የተነገራት ይኸው ብቻ ነው። ማታ የድንች ቂጣ ተቆርሶ የፖም ጠላ ሲዞር ግን አንዱ ዞር ሳይል ኩባያዋን ሞላላት። ቀጥሎ ወደ ሌላ ማሳ ሄደች፣ ከዚያም ወደ ሌላ። ወገቧ ሲጮህ ሕልሟ ዝም አለ።

ሊቆፈር የቀረው ጥቂት ማሳ ሲሆን ዳግመኛ ሮሳሜል ደጅ ቆመች። ቦርሳ አልያዘችም።

«እጅ አጥሮኛል» አለች። «እጅ ልለምን መጣሁ።»

ሮሳሜል ጥቂት አስጠበቃት፤ ማስጠበቅም ወጉ ነው።

«ስንት ጥማድ ይበቃሻል፣ ቪና?»

«እርስዎ ያውቃሉ።»

«እንግዲህ የነዚያን ሀብታሞች ቀጭን ሾርባ አምጥተሽ እንዳታፌዢብን። ሥጋ ነው የምንበላው።»

በቀጠሮው ቀን መንደርተኞቹ በርና መስኮቱን ነቅለው ባሕሩ ዳር አስቀመጡ፤ ቤቱንም ከበሰበሱት እግሮቹ አውርደው በሁለት ግንድ ላይ አሳረፉት። በሬዎቹ ተጠመዱ። ኤዱቪና ውጪ መቆም ሲገባት ወደ ውስጥ ገባች። ጩኸት ተነሣ፣ ወለሉ ተንሰቀሰቀ፣ ቤቱም ሄደ። በባዶው መስኮት ባሕሩ ቀስ እያለ ሲሸሽ አየች። አንድ የፖም ዛፍ በቤቷ ውስጥ የሚያልፍ መሰላት። ማንም የማይሰማውን ትእዛዝ እየጮኸ ሴጉንዶ አለፈ። ዶን አቤሊኖ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከኋላ ይከተላሉ፤ ለሠርግም ለቀብርም ይሆናል አረማመዳቸው።

መሐል ዳገቱ ላይ ገመድ ተበጠሰ። ቤቱ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ኤዱቪናም ግድግዳውን ይዛ፣ ሰዎቹ እየተሳደቡ ከግንዱ ሥር ድንጋይ ሲወረውሩ ትሰማለች። ቆመ። አዲስ ገመድ አሰሩ፣ በሬዎቹ ተንበርክከው ተነሡ፣ ቤቱም እያቃሰተ ተረተሩን ረገጠ።

«ፊቱን ወዴት እናዙርልሽ?» አለ ሮሳሜል በመስኮቱ ቀዳዳ አንገቱን አስግጎ።

ያን ሁሉ ጊዜ ያለመችው ቤት ፊቱ ወዴት እንደ ነበር ጠፋባት።

«በሬዎቹ እንደተመቻቸው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። በሬዎቹም ቤቱን ትንሽ አጣመው ተዉት።

ዶን አቤሊኖ ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖሩላት፤ በሩ ገና ታች ባሕሩ ዳር ነበር። ሰዎቹ ሥጋውን ከብበው ሳለ ሮሳሜል አፉን ሞልቶ፣

«ሐሙስ የወንድሜን ጎተራ እንጎትታለን» አላት። «ጭቃ ነው። ጫማ አጥልቂ።»

«እመጣለሁ» አለች፣ ዝናቡ በሌለው በር እየገባባት።