እናቴ ባሕር የገባች ዕለት

ያለፈው አርብ ጠዋት እስከ ጉልበቴ ባሕር ውስጥ ቆሜ ነበር። ወሩ ጥር ነው። ከጉልበቴ በታች ያለው እግር የእኔ ይሁን የሌላ ሰው መለየት አቅቶኝ ነበር...

እዚያ ያደረሰኝ አፌ ነው።

በነገራችን ላይ ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ማንበብና መጻፍ የተማርኩበትን የማታ ትምህርት ባለፈው ወር ጨረስኩ፤ ከክፍላችን አንደኛ የወጣሁትም እኔ ነኝ። ሁለተኛ የወጣችው ሴትዮ ሌላ ታወራ ይሆናል። እሷም ትጻፍና እናያለን።

ክርያት ቫይዝማን በሚባለው የቢሮ ግቢ አብሮኝ ጽዳት የሚሠራ ቦሪስ የሚባል ሽማግሌ ሩሲያዊ አለ። በብርዱ ወራት አርብ አርብ ከጓደኞቹ ጋር ባሕር ይወርዳል። በዕረፍት ሰዓት «ቀዝቃዛ ውሃ ጭንቀት ያወጣል፤ እንቅልፍ ይሰጣል፤ ለወገብም ጥሩ ነው» ይለኛል።

እኔ ዝም ብል ምን ነበረበት?

«እናንተ ዛሬ የጀመራችሁትን እኛ የጎንደር አይሁዶች ከጥንት ጀምሮ ስናደርገው ኖረናል። ሰንበት ሊገባ ሲል ወንዝ ሳይወርድ የሚውል ሰው አልነበረም። ብርድ እኛን ያውቀናል» አልኩት፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

«ቤሰደር» አለ ቦሪስ፤ በዕብራይስጥ እሺ ማለቱ ነው። «አርብ ና።»

እውነቱን ለመናገር ግን ለጉራ ብቻ አልሄድኩም። አባቴ ካረፈ ስምንት ወር ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ እናቴ ክርያት ሞሼ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጃፍ አልፋ አታውቅም። ሌሊት አትተኛም፤ ቀን ቀን ግድግዳ ታያለች። ሐኪሙ ያዘዘላት ክኒን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። እኔ ቀልድ ሳወራ እንኳ «ተወኝ ልጄ» ብላ ዞር ትላለች። ሰው ሁሉ የሚስቅበት ቀልድ እናቴን ሳያስቅ ሲቀር ምን እንደሚያህል... ይቅር። ብቻ «እንቅልፍ ይሰጣል» የሚለው ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

«እማዬ፣ አርብ ባሕር ልወስድሽ ነው።»

«ምን ልሠራ?»

«እኔ ስዋኝ ልታዪ።»

ዓይኗን ከግድግዳው አነሣች። «አንተ? ጆሮህን ይዤ እየጎተትኩ ወንዝ የማስገባህ ልጅ?»

ይህን ጉድ ለማየት ብላ መጣች።

ባሕሩ ዳር እንደደረስን ሰሌዳ አየሁና ቆሜ አነበብኩት። «ጠባቂ የለም፤ መዋኘት ክልክል ነው» ይላል። አምና ቢሆን ኖሮ ሥዕል ነው ብዬ አልፈው ነበር። ማንበብ ካወቅሁ ወዲህ ፍርሃቴ ጨምሯል።

ቦሪስና አሥር የሚሆኑ ቦርጫም ሽማግሌዎች ውሃው ውስጥ ሆነው ይዘፍናሉ። እኔ ገባሁ። እስከ ቁርጭምጭሚት... እስከ ጉልበት... ከዚያ ወጣሁ።

«ጥልቀቱን ለክቼ ነው» አልኩ።

«ብርዱ አወቀህ?» አለኝ ቦሪስ።

እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ፣ በአሸዋው ላይ በዘረጋሁላት ወንበር ተቀምጣለች። እኔን አይደለም የምታየው፤ ውሃውን ነው።

«ይሄ ውሃ ይሄዳል?»

«ይሄዳል፤ ይመለሳልም።»

«ከሄደ ይበቃል፤ የሚያነጻው የሚሄድ ውሃ ነው። እዚህ አገር ከገባን ወዲህ እኮ የቆመ ውሃ ነው የምንታጠበው።» ብድግ አለችና ጋቢውን ሰጠችኝ። «በላቸው፤ ፊታቸውን ያዙሩ።»

«እነማን?»

«እነዚህ ራቁታቸውን ያሉት። አንተም ዙር።»

ለቦሪስ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። በሩስኛ አንድ ነገር ሲናገር ሁሉም ከውሃው ወጥተው፣ ባሕሩን ከኋላቸው አድርገው፣ እንደ ወታደር ተሰለፉ። እኔም ጋቢውን ታቅፌ ከጫፍ ቆምኩ። አሥራ ሁለት ወንዶች የቆሙ መኪኖችን እናያለን።

እግሯ ውሃውን ሲከፍለው ይሰማኛል። ቦጭረቅ... ቦጭረቅ... ከዚያ ዝም አለ።

በእኛ ወግ ጭንቅላትም ይጠልቃል፤ አንዲት ፀጉር ከውጭ መቅረት የለባትም። ይህን አውቃለሁ። ግን እሷም ዋና አትችልም፤ እኔም አልችልም፤ ሰሌዳው ደግሞ ጠባቂ የለም ብሏል። ብዞር ክብሯን እነካለሁ። ባልዞር... ልዞር አንገቴን ስሰብር ቦሪስ ትከሻዬን ያዘኝ። «ቆይ» አለኝ።

ከዚያ ውሃው ፏ አለ። «ውይ! ውይ ውይ!»... እና ሳቅ። የእናቴ ሳቅ። ስምንት ወር ሙሉ ያልሰማሁት። ሁለተኛ ጠለቀች፤ ሳቋ ባሰበት። ሦስተኛም ጠለቀች።

እኔ መኪኖቹን እያየሁ ነበር። አንዱም መኪና ጥርት ብሎ አልታየኝም። ደግነቱ ፊቴን ያየው ሰው የለም።

ከኋላዬ መጥታ ጋቢውን ከእጄ ነጠቀችኝ። «አሁን ዙሩ።»

ዞርን። ውሃ እየተንጠባጠበባት፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ቆማለች። ቦሪስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላትና «ኮል ሃካቮድ» አላት። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ።

«ምን አለኝ?»

«ጎበዝ፣ ክብር ይገባሻል ነው የሚልሽ።»

«አንተንስ?»

«እኔን... ገና አላለኝም።»

መኪና ውስጥ ማሞቂያውን ከፈትኩላት። ቢሉ ሴንተር የገበያ ማዕከል አጠገብ ቀይ መብራት ሲይዘን ዞር ብዬ ባያት ታንኮራፋለች። ቤት ስንደርስ እንዳትነቃብኝ ሞተሩን ማጥፋት ፈራሁ፤ ክርያት ሞሼን አራት ጊዜ ዞርኳት። ጎረቤት ሁሉ መኪና ማቆሚያ ያጣሁ መስሎት በእጁ ቦታ ያሳየኛል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። እማዬ ፎጣዋን አጥፋ በሩ አጠገብ አስቀምጣለች፤ ለእኔም አንድ አስቀምጣለች፤ ምን እንዳሰበች አላውቅም።

ባለፈው እሑድ፣ የሥራ ሳምንቱ ሲጀምር፣ ሥራ ቦታ ሁሉም ከበቡኝ። «ከእኛ ቤት ሦስት ጊዜ ብቅ ጥልቅ ተብሏል» አልኳቸው። ቦሪስ ቀና ሳይል ወለሉን መወልወሉን ቀጠለ። ማን እንደጠለቀ አንዳቸውም አልጠየቁኝም፤ እኔ ደግሞ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ያልተጠየቅሁትን አልመልስም።