ምርጊቱ የተሰነጠቀው ምድጃ

ሱዳን ውስጥ፣ ባሱንዳ አጠገብ ባለው ሰፈራችን ምድጃ የምትሠራልን አንዲት ሴት አለች። በስደተኞች መቀበያው በመንደር 8 አልፋ የመጣች፣ አማርኛዋ ከትግርኛ የተጋባ፣ እጇ የማያርፍ ሴት ናት። የሰሊጥ አጨዳ ሲቃረብ ለሠራተኛ የሚያበስሉት ሴቶች ሁሉ ምድጃ ከሷ ይወስዳሉ። ዘንድሮ ግን የኔው ልጅ ቦኖው ላይ ቆማ፣ ምድጃው ወር ሳይሞላው እንደፈረሰባትና ሴትዮዋ ገለባ እንደሰሰተችበት አወራች። ወሬው ሲዞር ሴቶቹ ከሌላ ቦታ ማፈላለግ ጀመሩ። ያች ሴት ደግሞ ከዚህ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

እኔ በወሬ አልፈርድም። ልጄ ቤት ሄጄ የፈረሰውን ምድጃ ጎኑን ሰብሬ አየሁት። የዚህ አገር ዋልካ ብቻውን ሲደርቅ ይተረተራል፤ አንድ ላይ የሚይዘው ገለባው ነው። ገለባውን ደግሞ ከእሳት የሚጠብቀው ከቀይ አፈርና ከተነፋ አመድ ተላቁጦ ላዩ ላይ የሚለቀለቀው ስስ ምርጊት ነው። ምርጊቱ ደህና በሆነበት በኩል ገለባው ጠቁሯል፤ ግን አልጠፋም፣ ጭቃውን ጨብጦ ይዟል። ሴትዮዋ አልሰሰተችም። በተሰነጠቀበት በኩል ግን ነፋስ ገብቶ ገለባው አመድ ሆኗል። የቀረው መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ነው። በጣቴ ብጫነው ፈረሰ።

ታዲያ ምርጊቱን ማን ሰነጠቀው? ልጄን እሳቱን በምን እንደምታጠፋው ጠየቅኋት። ወደ እርሻ ስትቸኩል፣ ከሰሉ ለማታ እንዲተርፋት ውሃ ትደፋበታለች። የጋለ ምርጊት ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። በኛ አገር እሳት በአመድ ይዳፈናል። እሷ ግን እዚህ ያደገች ናት፤ ነገሯ ሁሉ ጥድፊያ፣ "ያላ፣ ያላ" ነው።

ጥፋቱ የሷ እንደሆነ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ።

"እማ፣ አንቺ የማን እናት ነሽ?"

"ያንቺ። ስሟ የጠፋባት ግን እሷ ናት።"

ሴትዮዋ ቤት ሄጄ በቀስታ ይቅርታ ልጠይቃት አለችኝ። እምቢ አልሁ። ስሟን ያጠፋችው ቦኖው ላይ ነው፤ የምትመልሰውም እዚያው ነው። በማግስቱ ጀሪካኑ ተሰልፎ ሳለ፣ ልጄ አንገቷን ደፍታ ምድጃውን በውሃ ያፈረሰችው ራሷ እንደሆነች ተናገረች። እኔን ሐጃ የምትለኝ ሱዳናዊት ጎረቤታችን፣ ሐጃ ለልጇም አታዝንም ብላ ሰልፈኛውን አሳቀችብኝ። ይሳቁ። ከሰልፉ ሁለት ሴቶች እዚያው ምድጃ አዘዙ።

ከሰዓት ሴትዮዋ የፈረሰውን ልትሠራላት ጭቃዋን ይዛ ልጄ ቤት መጣች።

"አደይ፣ አሁን ምርጊቱን ውሃ እንዲችል ላወፍርላት?"

"አይሆንም፤ ለሁሉም እንደምታደርጊው አድርጊላት። እሳት መዳፈኑን እሷ ትማር።"