የኔሊ የፊት ክፍል መጋረጃ

በእንግሊዝ አገር፣ በእኛ የላንክሻየር ሰፈር የፊት በር ሙሽራ የምትወጣበት፣ ሐኪም የሚገባበት፣ ሬሳ የሚሸኝበት ነው። ሌላው ሰው የሚመጣው በጓሮ ነው። ከኔሊ ሆልሮይድ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር በፊት በሯ አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም። ደጃፏን ግን ከራሴ ደጃፍ አስበልጬ አውቀዋለሁ። በየዓርቡ ተንበርክካ ታጥበዋለች፣ የደረጃውን ጠርዝ በነጭ ድንጋይ ታሰምራለች፣ ከዚያ ቀና ብላ የእኔን ታያለች። እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ከበሩ ወዲያ የፊት ክፍሏ አለ። ማንም የማይነካው ፒያኖ፣ በአንሶላ የተሸፈነ ሶፋ፣ የዓለም ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የገዛችው ቀይ ምንጣፍ። ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ግን ከኋላ ባለችው ጠባብ ኩሽና ውስጥ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጩ ነው። ሁላችንም የፊት ክፍላችንን ለክፉ ቀንና ለደግ ቀን እናስቀምጣለን፤ ኔሊ ግን ነገሩን ሃይማኖት አድርጋው ነበር።

እርግብ አርቢው ባሏ ኧርነስት ዕድሜውን ሙሉ በጥጥ ፋብሪካ ብናኝ ሲምግ ኖሮ በመጨረሻ ሳንባው እምቢ አለው። ፎቅ ላይ ወዳለው መኝታው መውጣት ሲያቅተው ኩሽና ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማደር ጀመረ። ሲስል በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ።

አንድ ቀን ሻይ ልጠጣ በጓሮ ገብቼ ሳለ፣ “አልጋዬን የፊት ክፍል አውርዱልኝ። መንገዱን እያየሁ ልተኛ” አለ ኧርነስት።

“እዚያ አልጋ አይገባም። እዚያ ሬሳ ነው የሚገባው” አለች ኔሊ።

“እንግዲያው ትንሽ ታገሺኝ፣ እየመጣሁልሽ ነው።”

እኔ ሳቅሁ። እሷ ሻዬን ሳልጨርስ ሲኒውን አነሳችው።

በሳምንቱ ሐኪሙ መጣና ሰውየው አልጋ ላይ ካልተኛ ብርዱን እንደማይዘልቀው ቁርጡን ነገራት። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ማታውኑ ወንድሟን ጠርታ፣ ሰው ሳያይ፣ አልጋውን አወረዱት። በማግስቱ ደግሞ የጥቅምት ፀሐይ ምንጣፉ ላይ ስታርፍ ጊዜ ኔሊ ሆዬ ቀለሙ እንዳይለቅ፣ አልጋውም እንዳይታይ ብላ መጋረጃውን ግጥም አድርጋ ዘጋችው።

እኛ ሰፈር የፊት መጋረጃ በቀን የሚዘጋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። እሷም አሳምራ ታውቃለች። ግን ምንጣፏን ስታስብ ሌላው ሁሉ ከጭንቅላቷ ወጣ።

እኔ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ አየሁት። ያለፈውን ሌሊት ደግሞ ሳሉን አልሰማሁም ነበር። ለካ ሰውየው ከስንት ጊዜ በኋላ አልጋ አግኝቶ እንቅልፉን ሲለጥጥ ነው ያደረው። እኔ ግን አለቀለት አልኩ። አለቀስኩም። እንደ ወጉ የራሴን መጋረጃ ዘጋሁ፤ የፊት ለፊቷ ዶሪስ የእኔን አይታ ዘጋች፤ ለምሳ ሰዓት መንገዱ በሙሉ ተዘግቶ ነበር። ዶሪስ ለለቅሶ ቤት የሚሆን የአሳማ ሥጋ ቀቀለች። ጥቁር ለብሰን በፊት በር አንኳኳን።

በሩ እምብዛም ስለማይከፈት ተጣብቆ ነበርና በትከሻዬ ገፋሁት። ኔሊ በሽርጥ ቆማ፣ “ምን ሆናችሁ ነው በዚህ የምትመጡት? ደጃፉ ገና አልደረቀም እኮ” አለች።

ዶሪስ አንገቷን አቅፋ፣ “እንደ እሱ ያለ ሰው የት ይገኛል፣ ኔሊዬ! ክፉ ቃል አይወጣው፣ ሰው አይነካ!” አለቻት።

“ቀጥይ፣ ዶሪስ” አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ። “ስለ እርግቦቼም ተናገሪ እንጂ።”

ዶሪስ ሳህኑን ለቀቀችው። ሥጋው ቀዩ ምንጣፍ ላይ አረፈ።

ኧርነስት መጋረጃውን በአንድ ጣቱ ገለጥ አድርጎ መንገዱን አየ። “ማነው የሞተው?” አለ። ከዚያ ፊታችንን አየ፣ ልብሳችንን አየና ገባው። ሳቁ ሳል ሆነበት። ሲበርድለት ወደ ሚስቱ ዞረ።

“ኔሊ፣ ይኸው መንደሩ በሙሉ ቀበረኝ። ይህን ነገር ካልገለጥሽው ሞቼ ልቀር ነው።”

ኔሊ ምንጣፉን አየች። እሱን አየች። መጋረጃውን እስከ ጥግ ከፈተችው። ወዲያው ዶሪስ ሮጣ የራሷን ከፈተች፣ ከዚያ መንገዱ በሙሉ ተራ በተራ ተከፈተ። ኧርነስት እጁን እያወዛወዘ ሰላምታ ሰጠ። ሥጋውን እዚያው አልጋው ዙሪያ ተቀምጠን በላነው።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት በመስኮቱ ኖረ። ማን አርፍዶ ሥራ እንደገባ፣ ማን አዲስ ባርኔጣ እንዳደረገ ከዶሪስ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ኔሊም ወንበሯን ከኩሽና አምጥታ አጠገቡ መቀመጥ ጀመረች። ምንጣፉ በመስኮቱ ልክ ነጣ።

በሞተ ዕለት ጠዋት እኔ ነበርኩ የገባሁት፤ በጓሮ። እጇን ይዛ የምትደግፋት ሴት ያስፈልጋታል ብዬ ነው፤ እሷ ግን ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። መጋረጃውን ልዘጋላት እጄን ዘረጋሁ።

“ተይው። መንገዱን ማየት ይወዳል” አለችኝ።

ወጥቼ ለሰፈሩ ተናገርኩ። ሁሉም መጋረጃውን ዘጋ። በዚያ መንገድ ላይ መጋረጃው ክፍት የነበረው የኧርነስት ብቻ ነበር።