«አኖ» ያለችው ሴትዮ

የቤዛ ልጆች «አዎ» ማለት ሲፈልጉ «አኖ» ነው የሚሉት። ባለፈው እሁድ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያቸው ትንሹን «ጸሎትህን አድርሰሃል?» ብለው ቢጠይቁት፣ ኮራ ብሎ «አኖ!» አላቸው። እሳቸውም «የኔ ልጅ፣ አማርኛው ‹አዎ› ነው» ብለው ሊያርሙት ሞከሩ። «ኖ፣ እኛ ቤት አኖ ነው!» ብሏቸው እርፍ። እኔ አክስቱ ከኋላ ቆሜ ሳቄ ቢያመልጠኝ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። ልጁ ምን ያድርግ? ጥፋቱ የአንድ የቼክ አገር ፊልም ነው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ውስጥ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ካለ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ እናቴ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንቶችን ትንከባከባለች። እኔ ለነሱ አንድ ልጅ ነበርኩና መኝታ ክፍሉም፣ ቲቪውም፣ ጣፋጩ ሲሪያልም የኔ የግሌ ነበር። የእናቴ ታናሽ እህት አዲስ አበባ ውስጥ በሞት ስትለየን፣ አባቷን ከዚያ በፊት ያጣችው ልጇ ቤዛ እኛ ጋ መጣች። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ እኔ ግን እንግሊዝኛ ስለምችል ታላቅ እኔ ነኝ ብዬ ወስኜ ነበር።

ቤዛ ሻንጣዋን አልፈታችውም። ጠዋት አንድ ቀሚስ ታወጣለች፤ የታጠበውን አጣጥፋ ትመልሳለች፤ ከዚያ ዚፑን ጥርቅም። እናቴ የቁም ሣጥኑን ግማሽ ባዶ አድርጋ ጠብቃት ነበር፤ ማንጠልጠያዎቹ ባዷቸውን ከረሙ። ምግብ ሲጨመርላት «ጠግቤያለሁ፣ እትዬ»፣ ብርድ ልብስ ሲደረብላት «ይበቃኛል፣ እትዬ»። እናቴ ኩሽና ገብታ «ይቺ ልጅ ልቧ አልገባም፣ ምን ባደርግላት ይሻላል?» እያለች ትብሰለሰላለች። አንድ ቀን ቤዛ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ «እዚህ አገር እንግዳ ምን ያህል ይቀመጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዬ «እስኪሄድ» አልኳት። መልስ የሰጠሁ መስሎኝ!

አንድ ቀን በረዶው ያለ የሌለ ኃይሉን አወረደውና ትምህርት ቤት ተዘጋ። እናቴ እንደምንም ሥራ ገባች። አባቴ ደግሞ ፓርክ ሂል ሰፈር ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል አግኝቶ፣ ታክሲው አናት ላይ አስሮ ባመጣው ቡኒ ወንበሩ ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል። እናቴ ከምትንከባከባቸው አሮጊቶች አንዷ አውሮፓ፣ ቼክ አገር ተወልደው ዴንቨር ያረጁ ነበሩ። እሳቸው «ለልጆችሽ» ብለው የሰጧት፣ ቤት ውስጥ ኮፒ የተደረገ ዲቪዲ ነበርና አወጣሁት። የትርጉም ጽሑፍ የለ፣ እንግሊዝኛ የለ፣ ሁሉም በቼክ ነው። እኔም አይገባኝ፣ ቤዛም አይገባት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ሆንን።

ፊልሙ ወላጅ ስለሌለው አንድ ፊተ ጠቃጠቆ ልጅ ነው። ትንሽ ወንበር ጀርባው ላይ አዝሎ፣ ኮፍያ ያደረገች ፍየል አስከትሎ ቤት ለቤት ይዞራል። ሰዎች እራት ሲበሉ ይደርስና ወንበሩን ከጠረጴዛቸው አጠገብ አድርጎ ቁጭ ይላል። አንዱ ቤት ሾርባ የሚያማስሉት በቫዮሊን መምቻ ነው። ሌላው ቤት ሁሉም ቆመው ይተኛሉ፤ እሱም ሊሞክር ብሎ ተንከባሎ ወደቀ። እኛ በሳቅ ፍርስ! ግን ከየቤቱ የሆነ ነገር ይሉትና ወንበሩን መልሶ ያዝላል። ቀስ በቀስ ቤዛ ፋንዲሻ መብላቷን ተወች።

በመጨረሻ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ቤት ደረሰ። ሴትዮዋ ወፍራም፣ ኮስታራ፣ ዱቄት እስከ ቅንድቧ የወጣባት ናት፤ ጠረጴዛዋ ጋ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው። ልጁ የራሱን አስቀመጠና አንድ ነገር ጠየቃት። እጇን ጠራረገች። ወንበሩን አየች፣ እሱን አየች። «አኖ» አለች። እና ዲቪዲው ቀጥ አለ! ጠርገን አስገባነው፣ በቀሚሴ ወለወልኩት፤ እዚያው ሲደርስ ይቆማል።

«በቃ፣ አ… ኖ! ኖ አለችው» አልኩ።

«አዎ ነው ያለችው!» ብላ ቤዛ ብድግ አለች። «አንቺ ጆሮ የለሽም እንዴ?»

እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም ነበር። በጩኸታችን አባቴ ነቃ። እንደ ሽማግሌ ተኮፍሶ፣ ቦታውን ደጋግመን እንድናሰማው አደረገንና ፍርዱን ሰጠ። «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ‹አኑር› ነው ያለችው። ወንበሩን እዚያ አኑረው ማለቷ ነው።»

«ጋሼ፣ ሴትዮዋ አማርኛ ትችላለች እንዴ?» አለች ቤዛ።

«ምን ይታወቃል» አለና መልሶ ተኛ።

እኔ ሳቅሁ፤ ቤዛ ግን አልሳቀችም። መስኮቱ ጋ ሄዳ በረዶውን እያየች «ኖ ካለችውስ ወዴት ይሄዳል? ቤቱ ሁሉ እኮ አልቋል» አለች። የምታወራው ስለዚያ ልጅ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር መሰለኝ፣ ሮጬ እናቴ ሥራ ቦታ ደወልኩና አሮጊቷን ጠይቂልን አልኳት። ሥራ ላይ ነኝ ብላ ዘጋችብኝ።

ማታ እናቴ ገና በሩን ስትከፍት ሁለታችንም ተጋረጥንባት። ካፖርቷ በበረዶ ርሷል፣ ቦት ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። «ጠየቅኳቸው» አለች። «በሳቸው ቋንቋ ‹አኖ› ማለት ‹አዎ› ማለት ነው። ልጁም ቀረ፣ ፍየሏም ቀረች።»

«አላልኩሽም! አላልኩሽም!» እያለች ቤዛ በትራስ ደበደበችኝ። ከዚያ ትራሱን አቅፋ ቆመች። ወለሉን እያየች «እትዬ… እኔስ? ሻንጣዬን ልፍታው?» አለች።

እናቴ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። አማርኛው ሁሉ ጠፋባት። «አኖ» አለች። «አኖ፣ አኖ፣ አኖ የኔ እናት!» እያለች እርጥብ ካፖርቷ ውስጥ ሸጎጠቻት፤ እኔንም ጨምራ። ሁለቱ ሲያለቅሱ እኔም አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ ከወንበሩ ላይ ሆኖ «አኑሪው ብዬሽ ነበር እኮ!» አለ። ማንጠልጠያው አልበቃንም፤ የኔን ቀሚሶች ሁለት ሁለት አድርገን ሰቀልናቸው።

ዛሬ ቤዛ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ገዝታ፣ ወልዳ ከብዳለች። እናቴን ዛሬም «እትዬ» ነው የምትላት፤ እናት የነበራት ልጅ ናትና። ያ ዲቪዲ የት እንደገባ እንጃ። አሁን የፈለጉትን ፊልም ከነትርጉሙ በስልክ ማየት ይቻላል፤ የቤዛ ልጆች አንድ ቃል ሳይገባቸው አንድ ቀን ሙሉ አይጣሉበትም። ሳያሳዝነኝ አልቀረም።

በቅርቡ እናቴ ጉልበቷን ታመመችና የሦስተኛ ፎቁን ደረጃ አልቻለችውም። ቤዛ አባቴንም እሷንም ጠቅልላችሁ እኔ ጋ ግቡ አለቻቸው። ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። እናቴ ሻንጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። «ለጊዜው ነው እኮ» አለች። «እንግዲህ እንዳናጨናንቃችሁ። ልግባ?»

«አኖ፣ እትዬ!» አለች ቤዛ፤ ሻንጣውን ቀማቻትና እዚያው ኮሪደሩ ላይ ዚፑን ከፈተችው።

አባቴ ከኋላችን ያንን ቡኒ ወንበር ታቅፎ ቁና ቁና እየተነፈሰ ይመጣል። ተዉት ብንለው ማን ይስማን። የበሩ ደፍ ላይ ደረሰና «በሉ ወገቤ ሳይቆረጥ ንገሩኝ፣ ይኼን የት ላኑረው?» አለ።