ክር የማያስገባ ኮርኒስ

ሰናኡላህ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ኮርኒስ ሲሠራ ኖሯል። ሚስማር ሳይነካው እንጨት ከእንጨት ተጎራርሶ አበባ የሚያወጣበት ኮርኒስ፣ በካሽሚሯ ስሪናገር ከተማ በስንት ሳሎን ያለው የእሱ እጅ ነው። የገዛ ቤቱ ጣሪያ ግን ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ሚስቱ ዙኒ በሳንባ ታማ ፍራሽ ላይ በዋለችበት ክረምት፣ እንደ ልማዷ በትልቋ ልጃቸው ስም ጠርታ፣

"የሸሚማ አባት፣ እንግዲህ እኔ የማየው ጣሪያ ብቻ ነው። ለእኔስ መቼ ነው?" አለችው።

እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የእጅ መጋዙን ሰቅሎ፣ ግቢው ውስጥ አንዲት ተራ የጠረጴዛ መጋዝ ተክሏል። የማዕዘን መምሪያዋ ቁጥር ይዋሻል፤ ሃያ ሁለት ተኩል ዲግሪ ላይ ቢያስራትም ታፈነግጣለች። ስለዚህ ማዕዘኑ ልክ መሆኑን ለማየት ስምንት ቁራጭ ቆርጦ ክብ አድርጎ ይገጥማል። ለዓይን የማይታየው የእያንዳንዱ ቁራጭ ስሕተት ተጠራቅሞ የመጨረሻው መገጣጠሚያ ላይ አፉን ይከፍታል። ያኔ ከመምሪያዋ ጀርባ ወረቀት ሸጉጦ እንደገና ይቆርጣል።

የዙኒን ኮርኒስ በጀመረ በሁለተኛው ወር የቀረው የመሐሉ አበባ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ዙኒ አጠገብ ወለሉ ላይ ገጠመው። ክር የምታህል ክፍተት ቀረች።

"ምነው ዝም አልክ? ስቀለውና ልየው እንጂ።"

"ክር ያስገባል።"

"ማን ነው ክር የሚያስገባበት? እኔ እንደሆን መርፌ ከጣልኩ ከረምኩ።"

"ሰው መጥቶ ቢያይስ?"

"ሰው! አርባ ዓመት ለሰው ሠርተህ አልጠገብክም?"

"እኩለ ቀን ላይ መብራት ይመጣል። አንዴ ቆርጬ እመጣለሁ።"

ዙኒ ለሙቀት የምታቅፋትን፣ በሸክላ ፍም የያዘች ቅርጫቷን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች።

መብራቱ የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከመድኃኒቷ ካርቶን ቀዶ ሸጎጠና ከአዲስ እንጨት ስምንት ቆረጠ። ገጠሙ። አቅፏቸው እየተጣደፈ ገባ።

"በይ እይው እንግዲህ!"

ፍሙ ገና አልጠፋም ነበር። ዙኒ ግን ዓይኗ ጣሪያው ላይ፣ መሐሉ ክፍት በቀረው ቦታ ላይ እንደተተከለ ቀርቷል።

አበባውን ከቀብር መልስ ሰቀለው። በአራተኛው ቀን ለቅሶ ሊደርስ የመጣው የሙያ ጓደኛው አናጢ ሐቢቡላህ ሳያስበው ቀና አለና፣ "ወንድሜ፣ ይኼማ ክር አያስገባም እኮ!" አለ፤ ወዲያው አፍሮ አቀረቀረ።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ሰናኡላህ መሰላል አቁሞ አዲሱን አበባ አወረደና ክፍተት ያለበትን የቀድሞውን በቦታው ሰቀለ። ከዚያ ዙኒ ትተኛበት በነበረው ፍራሽ ላይ በጀርባው ተጋደመ። ከመስኮቱ የቀን ብርሃን ሞልቶ ይገባል። ክፍተቱን ፈለገ፣ ፈለገ፤ አላገኘውም።