ሁለት ምሳር፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ በትር

ጭቃ በጭድ ሲቦካ የሚያወጣው ሽታ ደብረ ብርሃን ዳር፣ አዲስ ቤት በሚሠራበት ሰፈር ሳልፍ ዛሬም ያገኘኛል፣ ሥራዬንም አስረስቶ ያቆመኛል። ሌላ ሰው ይህን ሽታ ሲያሸት የአዲስ ዓመት ዋዜማ ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔን ትዝ የሚለኝ የመኪና ታርጋ ነው።

ቤታችን አንኮበር ውስጥ፣ ከጎረቤላ ከተማ ወጣ ብሎ ከደብረ ብርሃን የሚመጣው መንገድ በሚታይበት ጠርዝ ላይ ነበር። የደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነበሩ፤ አባታችን ከሞተ ቆይቷል። በኅዳር፣ ገብሱ ታጭዶ ሳይከመር፣ ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ከገበያ መሀል ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ በጭነት መኪና ተወሰደ፤ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነቡ አንድያ ልጅ በላይም አብሮት ተጫነ። እናቴ እየሮጠች እስከ መታጠፊያው ተከተለችና መኪናው ሊያመልጣት ሲል ታርጋውን በዓይኗ ያዘች። ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ቤት እንደገባች ከማልቀሷ በፊት እኔን ጠርታ «ጻፊ» አለችኝ፣ «ሁለት ምሳር፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ በትር።» ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከሰል አንስቼ ግድግዳው ላይ 7701 ብዬ ጻፍኩላት። ጠጋ ብላ አየችና «እሱ ነው» አለች፣ ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

ከአልዩ አምባ በርበሬና ጨው የሚነግዱት ጋሽ እንድሪስ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጡ እኛ ቤት ጎራ ይሉ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዕቃ በመኪና ሲያስጭኑ የኖሩ ሰው ናቸውና ታርጋ ያነባሉ። ግድግዳውን አይተው ለእናቴ አስረዷት፦ «የመንግሥቱና የነጋዴው መኪና በታርጋው ቀለም ይለያል፤ ፊደሉ ክፍለ ሀገሩን ይናገራል፤ ቁጥሩ ደግሞ የመኪናው ስም ነው። ሰው ከሰው ስም ይጋራል፣ መኪና ግን አይጋራም። ይገኛል ኢንሻአላህ።»

ሊያጽናኗት ብለው ነው። እናቴ ግን ሌላ ነገር ሰማች። በእኛ አገር ልጅ ከነጋዴ ጋር መንገድ ከወጣ፣ የወሰደው ሰው ነው በእጁ ይዞ የሚመልሰው፤ አደራ ነዋ። «እንግዲያው የወሰደው ያ መኪና ከሆነ የሚመልሰውም እሱ ነው» አለች።

ክረምት ሲገባ መንገዱ ይበላሽና መኪና ይጠፋ ነበር። ጉሙ ግቢያችንን ሞልቶ ምንም ሳይታይ፣ ከሩቅ ሞተር ሲያቃስት ከሰማን ሥራችንን ጥለን ወደ መንገዱ እንወርድ ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ ቤቱ ሲመረግ እናቴ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ ሳትነካ ዙሪያውን ብቻ ትመርግና እኔ በከሰል አድስላት ነበር። እትዬ ዘነቡም እየመጡ ግድግዳው ፊት ይቆሙና «ዛሬም አላለፈችም?» ይሉ ነበር፤ ቁጥሩ የእሳቸውም ነበራ።

በበጋ እናቴ ቅቤ ለመሸጥ ደብረ ብርሃን ስትሄድ እኔን ለማንበቢያ ትወስደኝ ነበር። አንድ ቀን ነዳጅ ማደያው አጠገብ ቅቤውን አስታቅፋኝ ወደ አንድ ጭነት መኪና ሮጠች። ሁለት ምሳር፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ በትር፤ ቁጥሩ አንድም አልጎደለ። ሾፌሩን እጁን ይዛ «ልጄን የት አደረስከው?» አለችው። ሰውየው ደግ ነበር፣ እጁን አልነጠቃትም።

«እማማ፣ ይህ እኮ የወሎ ታርጋ ነው። የእኔ መኪና አንኮበርን አታውቃትም።»

ፊደሉን አነበብኩት፤ እውነቱን ነው። ያ ቁጥር በየክፍለ ሀገሩ ሊኖር እንደሚችል ያን ጊዜ ገባኝ፤ እናቴ ደግሞ ታደሰ የተወሰደ ዕለት ፊደሉን አልያዘችም። «ታዲያ የልጄን ቁጥር ለእሱ ማን ሰጠው?» አለችኝ ተቆጥታ። እስከ ማታ አዘንኩላት።

በግንቦት መንግሥቱ ሲወድቅ ወታደሩ መበተን ጀመረ፤ እናቴም ከመንገድ ዳር አልጠፋ አለች። ሰኔ ውስጥ፣ እሷ እንደልማዷ መኪና ስትጠብቅ፣ ታደሰ ከቤቱ ኋላ በገደሉ በኩል በእግሩ መጣ። ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። በምርኩዝ ነበር፤ ቀኝ እግሩ አይታጠፍም። ከሳመኝ በኋላ ግድግዳው ላይ ዓይኑ አረፈ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የወሰደህ መኪና ታርጋ ነው። እምዬ እሱን ስትጠብቅ ነው የኖረችው።»

«እኛን እኮ ደብረ ብርሃን ላይ አራገፈን» አለ። «ከዚያ ወዲያ በሌላ መኪና ነው የሄድነው፤ እኔና በላይም እዚያው ተለያየን።» ለእናቴ እንዳልነግራት ለመነኝ፣ አልነገርኳትም።

በነሐሴ መጨረሻ ጭቃውን እኔ አቦካሁና፣ ልጇ መጥቷል ብዬ ቁጥሩን ልመርገው እጄን ስዘረጋ እናቴ ያዘችኝ። «ተዪው» አለች፣ «በላይ ገና ነው።» እትዬ ዘነቡ ከዚያ በኋላም ለዓመታት እየመጡ በግድግዳው ፊት ቆሙ፤ ታደሰ እሳቸው ሲመጡ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ይወጣ ነበር። በላይ አልመጣም። እትዬ ዘነቡ ያረፉ ዓመት ታደሰ ራሱ ጭቃ አቡክቶ ቁጥሩን መረገው፣ እናቴም ቆማ አየች እንጂ አልከለከለችውም።

ዛሬ ታርጋው ሁሉ ተለውጧል፣ ሸዋ የሚል ፊደልም የለበትም። ልጁ የራቀባት እናትም ስልክ በእጇ ይዛ ነው የምታድረው። እኔ ግን ወጣት የጫነ መኪና ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር ቆሜ ታርጋውን ከፊደሉ ጀምሬ እስከ መጨረሻው አነባለሁ፣ ለማን እንደምነግረው ባላውቅም።